ድንጋይ ላይ የበቀለው ፈርኔ ጫፉ እየደረቀ ነው፣ የምታውቁ እርዱኝ

ጦሳ ስር (ደሴ) ፦ ጥር 14

ሰላም ጀመዓ። ባለፈው ጥቅምት እህቴ ከኮምቦልቻ ፈርን የሚባል አንድ የቤት ተክል ገዝታ አመጣችልኝ። እንደ ሌላው አበባ አፈር ውስጥ የተተከለ አይደለም። ሙልሙል ዳቦ የሚያክል፣ ቀይ፣ የተበሳሳ ድንጋይ ላይ ነው የበቀለው። ሥሩ ድንጋዩን አቅፎ ይዞታል። ሻጭዋ ያለቻት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "ሳህን ላይ ውሃ አድርጊና አስቀምጪው፣ ሌላ ምንም አይፈልግም።"

እኔም እንደተባልኩት አደረግሁ። ሁለት ወር ያህል አማረብኝ። ያለው ሳሎን ነው፣ በደቡብ በኩል ባለው መስኮት ስር፣ ረከቦቱ አጠገብ። ከገና ወዲህ ግን የቅጠሉ ጫፍ ቡናማ እየሆነ መጣ። ስነካው እንደ ድርቆሽ ይፈረፈራል። መሀል ላይ ያሉት አዳዲሶቹ ደግሞ እንደተጠቀለሉ ቀርተዋል፣ አይፈቱም። ድንጋዩ አናት ላይ ነጭ ዱቄት የሚመስል ነገር ወጥቷል። ሻጋታ መስሎኝ በጨርቅ ጠረግሁት። በሳምንቱ ተመልሶ መጣ።

ውሃ አላጓደልኩበትም። ሳህኑ ሁልጊዜ ሙሉ ነው። እናቴ አንዳንዴ የጀበናውን አተላ ታፈስበታለች፣ ለአበባ ጥሩ ነው ብላ።

እህቴ ይህን ከሰጠችኝ ሳምንት ሳይሞላ ነው ወደ ዓረብ አገር የሄደችው። በደወለች ቁጥር መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ስለ እሱ ነው። እንዲሞትብኝ አልፈልግም።


የቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ) ፦ ጥር 14

አብሽሪ እህቴ፣ ፈርን ቶሎ አይሞትም። ቅጠሉ ቢረግፍ እንኳ ሥሩ ደህና ከሆነ ያቆጠቁጣል። የእኔ ጥርጣሬ አየሩ ደርቆበታል የሚል ነው። ጥር ላይ አይደለን? በቀን ሦስት ጊዜ ቅጠሉ ላይ ውሃ ርጪበት። ልብስ ስንተኩስ የምንረጭበትን ጠርሙስ ተጠቀሚ።


እማዋዬ (ወልዲያ) ፦ ጥር 15

ልጄ፣ ረከቦቱ አጠገብ ነው ያልሽው? ከዚያ አንሺው። ዛሬውኑ።

እኔ አበባ በቆርቆሮ ስተክል ነው ያረጀሁት። ቡና በቀን ሦስት ጊዜ የሚፈላበት ቤት ነው ያለኝ። አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው እስኪያልቅ ከሰሉ አይጠፋም፣ እጣኑም አይቋረጥም። ፈርን ጭስ አይወድም። ከሰሉ አየሩን ያደርቅበታል፣ የእጣኑ ጥቀርሻ ደግሞ ቅጠሉ ላይ ይቀመጣል። እስቲ ቅጠሉን በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ጥረጊው። ጨርቁ ከጠቆረ የኔን ነገር ታምኛለሽ።

አተላውንም እናትሽ ይተዉት። በአፈር ለተተከለ አበባ ትንሽ ትንሽ አይጎዳም ይሆናል። እኔም ለሌሎቹ አፈስላቸዋለሁ። ድንጋይ ላይ ግን የቡናው ዱቄት ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ይደፍነዋል። ከዚያ ይሻግታል። እኔ አንዱን እንደዚህ አበላሽቼዋለሁ። ድንጋዩን ሳሸተው ኮምጣጣ ይሸት ነበር።


ጦሳ ስር ፦ ጥር 15

እማማ፣ አሁኑኑ ጠረግሁት። ጨርቁ ላይ ግራጫ መስመር ወጣ። በጥምቀት ሰሞን እንግዳ በዝቶ ሳሎኑ በጭስ ታፍኖ ነበር የከረመው። አሁን ወደ መኝታ ቤት ወስጄዋለሁ። እናቴንም ነገርኳት፣ አተላውን ለጽጌረዳዋ አዙራዋለች።


የሐይቁ መምህር (ሐይቅ) ፦ ጥር 16

እንደምን አደራችሁ። ዘግይቼ ነው ያየሁት። ባዮሎጂ አስተምሬ ነው ጡረታ የወጣሁት፣ ቤቴም በፈርን የተሞላ ነው። እማዋዬ ስለ ጭሱ ያሉት ትክክል ነው። ግን ነጩ ዱቄት ሌላ ነገር እየነገረን ስለሆነ እሱ ላይ ልቆይ።

ድንጋዩ ምን እንደሚሠራ እንይ። የኩራዝ ክር ታስታውሳላችሁ። አንዱ ጫፉ ላምባ ውስጥ ነው፣ ሌላው ጫፉ ይነዳል፣ ላምባው ክሩን ይዞ ይወጣል። ይህም ድንጋይ እንዲያው ነው። እግሩ ውሃ ውስጥ ነው። ውሃው በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ እየተሳበ ይወጣል። አናቱ ላይ ሲደርስ ይተናል። የሚተነው ግን ውሃው ብቻ ነው። ውሃው ውስጥ የሟሟው ኖራና ጨው አይተንም። እዚያው ይቀራል። ዛሬ ጥቂት፣ ነገ ጥቂት፣ በሦስት ወር ዱቄት ሆኖ ይታያል። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገርም ይኸው ነው።

ማረጋገጥ ከፈለግሽ ጥቂቱን በቢላ ፋቂና ማንኪያ ላይ አድርገሽ አቼቶ ጠብ አድርጊበት። ከተንፈቀፈቀ ኖራ ነው። ድንጋዩ ላይ ግን አቼቶ እንዳታፈሺ፣ ሥሩን ያቃጥለዋል።

አሁን ወደ ቅጠሉ ጫፍ እንምጣ። ሥር ውሃ የሚስበው ከእሱ ውጭ ያለው ውሃ ቀጭን ከሆነ ነው። ጨው ሲበዛበት መሳብ ያቅተዋል። ውሃ አጠገቡ እያለ ይጠማል። ቀድሞ የሚደርቀው ከሥሩ የራቀው ጫፍ ነው። አዳዲሶቹ ጥቅልሎችም የማይፈቱት ለዚህ ነው፤ አንድ ቅጠል ለመፈታት ውስጡ በውሃ መወጠር አለበት።

ስለዚህ ውሃ ጨምሪበት አልልሽም። እጠቢው ነው የምልሽ።

ድንጋዩን እንዳለ ወደ ገንዳ ውሰጂው። ንጹሕ ውሃ ከላይ፣ ከአናቱ፣ ቀስ እያልሽ አፍስሽበት። 2 ወይም 3 ሊትር ይበቃል። ውሃው ድንጋዩን አልፎ ወርዶ ይሂድ፣ ሳህኑ ላይ እንዳይጠራቀም። እስከ ዛሬ ከታች ወደ ላይ ሲወጣ የነበረውን ጨው አሁን ከላይ ወደ ታች ታወርጂዋለሽ። ከዚያ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ጊዜ እንዲሁ።

የምን ውሃ? የዝናብ ውሃ ከሁሉም ይበልጣል፣ ኖራ የለበትም። አሁን በጋ ነው። በልግ እስኪመጣ ውሃ አፍልተሽ አቀዝቅዢ፣ ከላይ ከላዩን ቀድተሽ ተጠቀሚ። ሲፈላ ኖራው ብዙው ከታች ይዘቅጣል። በባልዲ ማሳደር የሚያወጣው ክሎሪኑን ነው፣ ኖራውን አይነካውም። ሰው ሁለቱን ያምታታቸዋል።

ለወንድሜ የቦርከና ዳር፦ መርጨቱ አይከፋም፣ ግን ጥቅሙ ለደቂቃዎች ነው። እርጥብ ድንጋይ ራሱ ቀኑን ሙሉ አየሩን ያረጥባል።


ብሎኬት (ኮምቦልቻ) ፦ ጥር 16

ጋሼ መምህር በደንብ ገለጹት። እኔ የኮንስትራክሽን ሰው ነኝና ስለ ድንጋዩ አንድ ነገር ልጨምር።

ቀዩ ድንጋይ እኛ ሬድ አሽ የምንለው ሳይሆን አይቀርም። መንገድ ሥር የሚደለደለው፣ ብሎኬት ውስጥም የሚገባው። ከእሳተ ገሞራ የወጣ ነው። ጋዝ ያለበት የቀለጠ ድንጋይ ወደ ላይ ተረጭቶ ሲቀዘቅዝ ጋዙ ይወጣል፣ አረፋው ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። የሚቀላው ውስጡ ያለው ብረት በትኩሱ ስለዛገ ነው። እኛ ወሎዎች የተቀመጥንበት ተራራ ራሱ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው።

ግን ልብ በይ። ቀዳዳ ስላለው ብቻ ውሃ ይስባል ማለት አይደለም። ውሃ ሽቅብ የሚወጣው በጠባብ ቀዳዳ ነው፤ በጠበበ ቁጥር ከፍ ይላል። የሬድ አሽ ቀዳዳዎች ሰፋፊ ናቸው፣ ብዙዎቹም እርስ በርስ አይገናኙም። ስለዚህ ውሃው መሀል ላይ ደርሶ ሊቆም ይችላል። ሻጭዋ "ሳህን ላይ ውሃ አድርጊ" ስትል ድንጋዩ እስከ አናቱ ይስባል ብላ ነው። የአንቺ ድንጋይ ይስባል ወይ? እሱን እንወቅ።

እንዲህ አድርጊ። ድንጋዩ ከላይ በደንብ እስኪደርቅ ጠብቂ፣ ግማሽ ቀን ቢበቃው ነው። ከዚያ ሳህኑ ላይ ሁለት ጣት ውሃ ጨምሪና አስቀምጪው። እርጥቡ ጠቆር ይላል፣ ደረቁ ቀላ ብሎ ይቀራል። ጠዋት የጠቆረው የት እንደደረሰ በእርሳስ ምልክት አድርጊ።


ጦሳ ስር ፦ ጥር 18

የሁላችሁንም አደረግሁ። ልንገራችሁ።

መጀመሪያ አቼቶው። ማንኪያው ላይ ጠብ እንዳደረግሁበት ተንፈቀፈቀ። እናቴ ከኋላዬ ቆማ "ሶዳ ነው እንዴ?" አለች።

ቀጥሎ የብሎኬት ሙከራ። ማታ 2 ሰዓት አስቀመጥኩት። ጠዋት 1 ሰዓት ሳየው ጠቆሩ ከውሃው በላይ አራት ጣት ወጥቶ ቆሟል። ድንጋዩ ራሱ አንድ ስንዝር ከምናምን ነው። ሥሩ በብዛት ያለው ደግሞ አናቱ ላይ ነው። ማለትም ሦስት ወር ሙሉ ሳህኑን ስሞላለት እሱ ግን ደረቅ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። ይህን ሳይ እንባዬ መጣ። አጠገቡ ውሃ እያለ።

ግን አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ውሃው አናቱ ድረስ ካልወጣ፣ ነጩ ዱቄት እንዴት አናቱ ላይ ወጣ?


የሐይቁ መምህር ፦ ጥር 18

በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። በጥቅምት ገና ደጁ ሳይደርቅ ውሃው ከፍ ብሎ ይወጣ የነበረ ይመስለኛል። ያኔ መትነኑ ያነሰ ነው። አየሩ ሲደርቅና የከሰሉ ሙቀት ሲጨመርበት፣ ድንጋዩ ከሚስበው ይልቅ የሚተንበት በለጠ። ጠቆሩም ወደ ታች ወረደ። እናትሽ ከላይ ያፈሰሱትም የራሱን ትቶ ይሆናል። በዚያ ላይ የጨው ዱቄቱ ራሱ ቀዳዳውን ያጠባል፣ ይደፍናልም።

አሁን መላው ቀላል ነው። ሳህኑን እንደ ዋና የውሃ ምንጭ አትቁጠሪው። በሳምንት ሁለቴ ከአናቱ አጠጪው። በሳምንት አንዴ ደግሞ ድንጋዩን ቅጠሉ ስር ድረስ ባልዲ ውስጥ ንከሪው። አረፋ ይወጣዋል፣ ድምፁም ይሰማል። አረፋው ሲያቆም፣ 10 ወይም 15 ደቂቃ ቢሆን ነው፣ አውጪና አንጠፍጥፊው። ሳህኑ ላይ አንድ ጣት ውሃ ይበቃል። ሥሩ ግን ውሃ ውስጥ ተነክሮ መክረም የለበትም፣ ይበሰብሳል።

መቼ ማጠጣት እንዳለብሽ ለማወቅ ድንጋዩን አንሺው። ከተነከረ በኋላ ክብደቱን በእጅሽ ያዢ። ሲቀልልሽ ጠምቶታል።


ላስታ (ላሊበላ) ፦ ጥር 19

ይህን ውይይት ሳነብ አንድ ቦታ ትዝ አለኝ። ከላሊበላ ከተማ ወጣ ብሎ ነአኩቶ ለአብ ገዳም አለ። ዋሻ ውስጥ ነው። ከዋሻው ጣሪያ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ጠብታውን የተቦረቦሩ ድንጋዮች ይቀበሉታል፣ ምእመናንም ጠበል ብለው ይወስዱታል። በጋም ክረምትም አይቋረጥም ይባላል።

በእኛ አካባቢ እንደዚህ ውሃ የሚያንጠባጥብ የገደል ግርጌ ስሄድ ፈርን የማየው ኩሬው ውስጥ አይደለም። ከላይ ጠብ የሚልበት ስንጥቅ ላይ ነው። ቀጭኑ፣ ግንዱ ጥቁር ጸጉር የሚመስለው ዓይነት። ቅጠሉ እርጥብ ነው፣ ሥሩ ግን አየር ያገኛል። ውሃው ይነካካውና ያልፋል፣ አይተኛበትም። ጋሼ መምህር ከአናቱ አጠጪ ያሉትን ሳነብ ይኼ ነው ያልኩት ለዚህ ነው።

አንድ ነገር አደራ። ይህን አንብቦ ከገዳም ወይም ከቤተ ክርስቲያን አካባቢ ድንጋይ የሚፈልጥ፣ ፈርን የሚነቅል እንዳይኖር። የእኛ አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉት ከእንደዚሁ ከተበሳሳ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ውሃ ስለሚገባበት ብዙ ተጎድቷል፣ የተወሰኑት ላይ መጠለያ የተሠራውም ለዚህ ነው። ቀይ ድንጋይ ከግንባታ ዕቃ መሸጫ በርካሽ ይገኛል። ፈርኑን ከጎረቤት ጠይቁ።


ሰላም ከመርሳ ፦ ጥር 21

የእኔም ጥያቄ እዚሁ ይግባ። የእኔ ፈርን ከቅጠሉ ጀርባ ቡናማ ነጠብጣብ አወጣ። ነፍሳት መስለውኝ በሳሙና ውሃ ሳሽ ዋልኩ፣ አልለቅ አለኝ። ጎረቤቴ ቆርጠሽ ጣይው፣ ወደ ሌላው ይጋባል አለችኝ።


የሐይቁ መምህር ፦ ጥር 21

እንዳትቆርጪው! መጀመሪያ አሰላለፉን እይ። ነጠብጣቦቹ በቅጠሉ ጀርባ በመስመር፣ ልክ እንደተሰፋ ክር በእኩል ርቀት ከተደረደሩ የፈርኑ መራቢያ ናቸው። ፈርን አበባም ዘርም የለውም። የሚራባው በእነዚህ ውስጥ ባለው ደቃቅ ዱቄት ነው፣ ስፖር ይባላል። ጤነኛ ነው ማለት ነው።

ነፍሳት ከሆኑ ግን አሰላለፍ የላቸውም። እዚህም እዚያም፣ ግንዱም ላይ ሳይቀር ይለጠፋሉ፣ በጥፍር ሲፍቋቸው ይነሳሉ፣ የሚያጣብቅ ነገርም ይተዋሉ። እነዚያን በእርጥብ ጥጥ አንድ በአንድ ማንሳት ነው።

በነገራችን ላይ ገበያ ላይ ፈርን ተብሎ የሚሸጥ ሁሉ ፈርን አይደለም። የሙሽራ አበባ ውስጥ የሚገባው፣ ቅጠሉ እንደ ላባ የሳሳው፣ እሾህ ያለው ተክል አስፓራገስ ነው። እሱ ያብባል፣ ፍሬም ያፈራል፣ ፍሬው ለልጅም ለድመትም ጥሩ አይደለም። እውነተኛውን ፈርን በሁለት ነገር ትለዪዋለሽ፦ አዲስ ቅጠሉ ተጠቅልሎ ይወጣል፣ የጎለመሰው ቅጠል ጀርባ ላይ ደግሞ እነዚያ ነጠብጣቦች አሉ።


ሰላም ከመርሳ ፦ ጥር 21

በመስመር ነው የተደረደሩት! በሁለት ረድፍ። አላህ ይስጥልኝ። መቀሱን አንስቼ ነበር።


የቦርከና ዳር ፦ ጥር 23

ጋሼ መምህር፣ ስለ መስኮቱ ልጠይቅ። ኢንተርኔት ላይ ሳነብ ሁሉም "ፈርን በሰሜን መስኮት አስቀምጡ፣ ፀሐይ አይገባበትም" ይላሉ። እኔም የእኔን ዓመቱን ሙሉ በሰሜን አድርጌው ግንቦት ላይ ቅጠሉ ገርጥቶ ተቃጠለብኝ። ለምን?


የሐይቁ መምህር ፦ ጥር 23

ያ ምክር የተጻፈው ለአውሮፓና ለአሜሪካ ሰው ነው። እነሱ አገር የቀትር ፀሐይ ሁልጊዜ በደቡብ በኩል ናት። እኛ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ11 ዲግሪ ላይ ነን። ከሚያዝያ አጋማሽ አካባቢ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ የቀትር ፀሐይ ከእኛ በሰሜን በኩል ትሆናለች። ክረምቱ ሲገባ ደመናው ይከልላታል እንጂ፣ በግንቦትና በሰኔ መጀመሪያ ጠራራ ናት። ያንተን ያቃጠለችው እሷ ናት።

በጋ ላይ፣ ማለትም ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። የጦሳ ስር ፈርን የተጎዳበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ ደቡብ መስኮት ስር ነበር።

ስለዚህ እዚህ አገር ፈርን በዓመት ሁለት ጊዜ ቦታ ይቀየርለታል። ያለበለዚያ ነጭ ስስ መጋረጃ ይጋረድለት። ልክ መሆኑን በእጅህ ጥላ ታውቃለህ። እጅህን ከቅጠሉ በላይ ዘርጋ። ጥላው ጠርዙ የደበዘዘ ከሆነ ጥሩ ነው። ጠርዙ የተሳለ ከሆነ ፀሐዩ በዝቷል።


የጤና ሰው (ኮምቦልቻ) ፦ ጥር 25

አጭር ማሳሰቢያ። የሳህኑ ውሃ ከሳምንት በላይ ሳይቀየር እንዳይቀመጥ። ትንኝ እንቁላል ጥላ እጭ ለማውጣት፣ እጩ አድጎ ለመብረር ሳምንት ከምናምን ይበቃዋል። በኮምቦልቻና ከዚያ በታች ባለው ቆላ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በየሦስት ቀኑ ድፉት፣ ሳህኑን በጣታችሁ ፈትጉት፣ እንቁላሉ ጠርዙ ላይ ይጣበቃልና።


እማዋዬ ፦ ጥር 25

ተባረክ። እኔ ይህን አላስብም ነበር።

ስለ ማዳበሪያ ማንም አላነሳም። አንድ ዘመዴ ለእርሻ ከተገዛው ዩሪያ በማንኪያ ዘግኖ ፈርኑ ድንጋይ ላይ በተነበት። ቶሎ እንዲያድግ ብሎ ነው። በአምስተኛው ቀን ሳየው በእሳት እንደተለበለበ ነበር። ድንጋይ እንደ አፈር አይሸከምለትም፣ የሰጡትን ሁሉ ሥሩ ላይ ነው የሚያሳርፈው። የታመመ ፈርን ማዳበሪያ አይፈልግም። ሲያገግም ብቻ፣ የአበባውን ፈሳሽ ማዳበሪያ ዕቃው ላይ ከተጻፈው በግማሽ አቅጥናችሁ በወር አንዴ። ጥቅምት ሲገባ ተዉት።


ጦሳ ስር ፦ የካቲት 12

ይኸው ወር ሊሞላው ነው። እስካሁን ያለውን ልጻፍ።

ሙሉ በሙሉ የደረቁትን ቅጠሎች ከሥራቸው ቆረጥኳቸው። ጫፋቸው ብቻ የደረቀውን ተውኩት፣ አረንጓዴው ይሥራበት ብዬ። ያስቀመጥኩት በምሥራቅ በኩል ባለው የመኝታ ቤት መስኮት አጠገብ ነው፣ የጠዋት ፀሐይ ብቻ በመጋረጃ ታልፋለች። ሌሊት ብርዱ ስለሚያስፈራኝ ከመስታወቱ አርቄ ጠረጴዛ ላይ አደርገዋለሁ። የደሴን ጥር ታውቁታላችሁ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስነክረው አረፋው 20 ደቂቃ አላቆመም። ድንጋዩ እንደሚያንሾካሹክ ሰው ጥዝዝ ይላል። አሁን በ8 እና በ10 ደቂቃ ያቆማል።

ነጩ ዱቄት ቀንሷል። አዲስ ቅጠል ግን የለም። ያው እንደነበረ ነው። ተስፋ ልቆርጥ ደርሻለሁ።


እማዋዬ ፦ የካቲት 12

እንዳለ መቆየቱ ራሱ ጥሩ ነው፣ ልጄ። ከላይ አትመልከቺ። እስቲ ድንጋዩና ቅጠሉ የሚገናኙበትን ቦታ በባትሪ አብርተሽ እይ። ቡናማ ጸጉር የለበሰ፣ የሽምብራ ፍሬ የሚያክል ጉብታ ካለ በሕይወት አለ። ጫን አድርገሽው ጠንካራ ከሆነ ተስፋ አለው። ከሰረጎደ ያን ጊዜ ንገሪኝ።


ጦሳ ስር ፦ የካቲት 13

ሁለት አሉ። ጠንካራ ናቸው።


ጦሳ ስር ፦ መጋቢት 9

በልግ ገባ! ትናንት ከሰዓት በኋላ የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፈነ፣ ማታ ዘነበ። ቆርቆሮው ስር ባልዲ ደርድሬ ነበር። የመጀመሪያውን ውሃ ደፋሁት፣ የጣሪያው አቧራ ስላለበት። ቀጥሎ የመጣውን ሁለት ጄሪካን ሞላሁ። ዛሬ ጠዋት ፈርኑን በዝናብ ውሃ አጠብኩት።


የቦርከና ዳር ፦ መጋቢት 9

ማሻአላህ። ኮምቦልቻ እስካሁን ደመናው ብቻ ነው። ለእኔም አንድ ጄሪካን አስቀምጪልኝ።


ጦሳ ስር ፦ ሚያዝያ 2

ጀመዓ፣ ተፈታ።

ከሁለቱ ጉብታዎች አንደኛው መጋቢት መጨረሻ ላይ እንደ ቀንድ አውጣ ተጠቅልሎ ወጣ። ላዩ ብርማ ጸጉር አለው። በየጠዋቱ ሳየው ትንሽ ትንሽ ይፈታል። መጀመሪያ አንገቱ ይቃናል፣ ከዚያ ትንንሾቹ ቅጠሎች ግራና ቀኝ አንድ በአንድ ይከፈታሉ፣ እንደ ሕፃን ጣት። ከታች ያሉት ተከፍተው ጫፉ ገና እንደተጠቀለለ ነው። ቀለሙ ከሌላው ቅጠል ይለያል፣ ፈካ ያለ።

ሌላም አለ። ከሥሩ እንደ ክር የቀጠነ፣ ቅጠል የሌለው ነገር ወጥቶ በድንጋዩ ጎን ወደ ታች ወርዷል። ጫፉ ላይ ትንሽ አረንጓዴ አለ። ምንድን ነው? ልቁረጠው?


የሐይቁ መምህር ፦ ሚያዝያ 2

እንኳን ደስ አለሽ ልጄ! አትቁረጪው። ያ ክር ልጁ ነው። ይህ ዓይነቱ ፈርን ቀጭን ክር እየላከ በነካው ቦታ ሥር ሰዶ አዲስ ፈርን ይሆናል። ሌላ ድንጋይ አጠገቡ ብታስቀምጪለት እላዩ ላይ ይወጣል። ሥር ይዞ ሦስትና አራት ቅጠል ሲያወጣ ያን ጊዜ ክሩን ትቆርጪዋለሽ።

ድንጋዩን ግን አስቀድመሽ አዘጋጂው። አቧራውን አጥበሽ ሁለት ሦስት ቀን ውሃ ውስጥ አሳድሪው፣ ውሃውን እየቀየርሽ። በመሮ አናቱ ላይ የሲኒ ያህል ጎድጓዳ አውጪለት። ብሎኬት እንዳለው መጀመሪያ ውሃ መሳቡን ፈትኚ። ዝቅ ያለ ድንጋይ ምረጪ፣ ከአራት ጣት የማይበልጥ።


እማዋዬ ፦ ሚያዝያ 3

ጎድጓዳው ውስጥ የበሰበሰ ቅጠል አፈር አንድ እፍኝ አድርጊ። ክሩ እንዳይነሳ ስታስሪው ሽቦ አትጠቀሚ፣ ግንዱን ይቆርጠዋል። ላስቲክም ይቅር። የእናትሽን የጥጥ ፈትል ውሰጂ። ላላ አድርገሽ ሁለት ዙር እሰሪው። ፈትሉ እየበሰበሰ ሲሄድ ሥሩ ድንጋዩን ይይዛል፣ አንቺ መፍታት አይጠበቅብሽም።


ብሎኬት ፦ ሚያዝያ 3

ድንጋይ ካስፈለገሽ በሚቀጥለው ሳምንት ደሴ እመጣለሁ። ከሳይቱ የተረፉ ስላሉ ጥሩ ጥሩውን መርጬ፣ ፈትኜ አመጣልሻለሁ። አራት ጣት፣ እሺ።


ጦሳ ስር ፦ ሚያዝያ 14

ብሎኬት ወንድሜ፣ ድንጋዮቹ ደረሱኝ። አንዱ ሌሊቱን ሙሉ እስከ አናቱ ጠቁሮ አደረ። እሱን መረጥኩ። እናቴ ፈትሉን ራሷ አሰረችው፣ "አንቺ ታጠብቂዋለሽ" ብላ።

ትናንት እህቴ ደወለች። ስልኩን ወደ ፈርኑ አዞርኩላት። ዝም ብላ ብዙ አየችው። "የኔን ደግሞ ለብቻው ትከይልኝ" አለች። ፈትሉ የታሰረበትን አሳየኋት።

ጋሼ መምህር፣ አሁን ሚያዝያ አጋማሽ ስለሆነ ፀሐይዋ ወደ ሰሜን እየዞረች ነው ብዬ ሁለቱንም ከሰሜኑ መስኮት አርቄ አስቀምጫቸዋለሁ። ከምሥራቁ ግን አላነሳኋቸውም። ክረምት ሲገባ ጉሙ ሲበዛ ማጠጣቱን በሳምንት አንዴ ላድርገው?


የሐይቁ መምህር ፦ ሚያዝያ 14

ድንጋዩን አንሺው። ከከበደሽ ተዪው።